ተቀበል፦ ስለ ታዳሚና ስለ አጋር

ጤና ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ታዳሚና ስለ አጋርነት ታወራልን?» ብለው ሲደውሉልኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «በስንት ሰዓት?» ብዬ ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ» አሉኝ። እንግዲህ የምወዳደረው ከሽሯችሁ ጋር ነው ማለት ነው። የሚያንቀላፋ ካለ አልቀየምም፤ የሚያንኮራፋ ካለ ግን ጎረቤቱ ይቀስቅሰው። የሰዓቱን ነገር ለቀልድ ብቻ አላነሣሁትም፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ የተቀመጣችሁት የቴአትር ቡድን፣ ጋለሪ፣ ሰርከስ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የምትመሩ ሰዎች ናችሁ። ቅድም በረንዳው ላይ ቡና ስትጠጡ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት ነገር ሰማሁ፤ «ሰው አይመጣም» እና «ስፖንሰር የለም»። እኔም ዓመታት ሙሉ እነዚህኑ ሁለቱን ሳመላልስ ነው የኖርኩት። አሁን አሁን ግን ሁለቱ አንድ በሽታ ይመስሉኛል። ከአንዱ የመግቢያ ዋጋ እንፈልጋለን፣ ከሌላው ቼክ። ሰውየው በበኩሉ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ምን ሊለን እንደፈለገ አንጠይቅም።

ይህን አሳምረው የሚጠይቁ ባለሙያዎች አሉን፤ አዝማሪዎቹ።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ የማያውቅ ካለም ዛሬ ማታ ይሂድ። ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ ዝም ብሎ አይዘፍንም። መጀመሪያ ያያል። ማን ከማን ጋር መጣ፣ ከፋዩ ማን ነው፣ አዲስ ጫማ ያደረገው የቱ ነው፣ ጥግ ይዞ የተኮራመተውስ ምን ሆኖ ነው። ጎንበስ ይልና በጆሯችሁ «እሳቸውን ማን ልበላቸው?» ይላችኋል። ከዚያ በስም ይጀምራል። ስሙ ሲጠራ ያ የተኮራመተው ሰውዬ ቀና ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀና ማለት ነው እኛ በፖስተር የምንፈልገው።

ሞቅ ሲል ደግሞ እንግዳው ራሱ «ተቀበል!» ይላል። አንድ ስንኝ ይወረውራል። አብዛኛውን ጊዜ ስንኙ ቤት አይመታም፣ አንድ እግሩ ያጥራል። አዝማሪው አያርመውም። ይቀበለዋል፣ ያጠረውን እግር በዜማ ያስረዝምለታል፣ ለቤቱ ሁሉ መልሶ ይዘፍንለታል። ቤቱ ይስቃል። ያ እንግዳ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ጓደኛ ይዞ ይመጣል፤ ግጥሙ የእሱ ነበራ!

ስለ ታዳሚ ማፍራት ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። ሰርተፊኬቶቼን ባነጥፋቸው ይሄን ጠረጴዛ ይሸፍናሉ። በአንዳቸውም ውስጥ ከ«ተቀበል» የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም።

ካዛንቺስ የነበረውን የአዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃን አስቡት። መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለረጅም ጊዜ ተወዛዋዥ ነበር፤ የሚኖረውም ከእንግዳ በሚያገኘው ጉርሻ ነበር። ቤቱን እሱ ከተረከበው በኋላ ሥዕል ገባበት፣ ግጥም ገባበት፣ ጃዝ ገባበት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሙዚቀኞች ገቡበት። አዝማሪው ግን አልወጣም። ለእኔ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ አዲስ ታዳሚ ስናይ የቆየውን እንረሳለን፤ ሻል ያለ ልብስ የለበሰ እንግዳ ሲመጣ የድሮውን ደንበኛ ከወንበሩ እናስነሣለን። ፈንድቃ ሥዕል ሊያይ የመጣውን ሰው ከአዝማሪው ደንበኛ ጎን ነበር የሚያስቀምጠው። ሁለቱ እርስ በርስ እየተያዩ ሁለቱም ታዳሚ ሆኑ።

አሁን ወደ ሰዓት ልመለስ።

ቡድናችን አንድ ድራማ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እያሳየ ነበር። በየሳምንቱ ልክ ሁለት ሰዓት ሲል ከኋላ ያሉት ይነሡ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ ረድፍ ሙሉ። መድረክ ላይ ሆናችሁ ወንበር ሲታጠፍ የምትሰሙትን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ጥፊ ነው። ደራሲያችን መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስተካክሎ ጻፈ። በመጀመሪያው ጀግናው ይሞት ነበር፣ በሁለተኛው ዳነ፣ በሦስተኛው ቆስሎ ተረፈ። ሰው መነሣቱን አልተወም። አንድ ቀን የበሩ ጥበቃ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ «ልጆች፣ ከምትጨቃጨቁ ለምን አትጠይቁኝም?» አሉን። «የመጨረሻው ሃይገር አውቶቡስ በሁለት ተኩል ነው የሚወጣው። እኔም የማነጋግራቸው እየሮጡ ሲያልፉ ነው።»

ሦስት ወር ሙሉ ጀግና ስንገድልና ስናስነሣ የከረምነው ለሃይገር ነበር።

እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት አደረግነው። ታዳሚው ተለወጠ። ጥንዶቹ ቀነሱ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን በነጠላ የሚመጡ በዙ። ለእነሱ ስንል ደግሞ ሁለት ትዕይንት አሳጠርን። ደራሲው አኮረፈ፤ ለአንድ ሳምንት።

ነገሩ ግን ከሃይገርም ይሰፋል። በአዲስ አበባ የቆዩት ቴአትር ቤቶች የት እንዳሉ አስቡት። ሀገር ፍቅር ፒያሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽም እዚያው ከፍ ብሎ፣ ብሔራዊ ከለገሃር ወደ ላይ ሲሉ፣ ራስ ቴአትር መርካቶ በኩል። ጤነኛ እግር ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ይዞራቸዋል። የተሠሩት ከተማው እዚያ ሳለ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ከተማው ወደ ዳር እየሄደ ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ጎራ ይል የነበረው ሰው ተበተነ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ቴአትር አይቶ የሚመለስ ሰው ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀይራል፤ ካመሸ የመመለሻው ኮንትራት የትኬቱን ዋጋ ጥሎት ያልፋል። ይህን ሰው «የጥበብ ፍቅር የለውም» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እስኪ አንተ ራስህ ለአንድ ወር ከዚያ ተመላለስ።

ታዳሚው ካልመጣ እንሂድ ማለት አዲስ ግኝት አይደለም። የሀገር ፍቅርን አጀማመር ተመልከቱ። በ1927 ዓ.ም. ማኅበሩ በመኰንን ሀብተወልድ መሪነት ሲመሠረት ጉዳዩ ወረራው ነበር፤ ጣሊያን በር ላይ ነው፣ ሕዝቡ መንቃት አለበት። ንግግርና ዘፈን ይዞ ወደ ሰው ወጣ። ቴአትር ቤት የሆነው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ጉዳይ ነበረው፣ ሰው ተሰበሰበለት፣ ጣሪያው ተከተለ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተመርቆ ተከፈተ። እዚያ ጣሪያው ቀደመ፤ ያማረ አዳራሽ፣ የክብር እንግዶች። ተራው ሰው በሰልፍ የራሱ ያደረገው በጊዜ ሂደት ነው። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል። ለእንደኛ ዓይነቱ፣ ቤተ መንግሥት ለማይሠራለት ሰው ግን የቀረው የመጀመሪያው ነው።

እናም እኛም ወጣን። ይህን ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ስለ አጋርነት የማውቀውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከከተማ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ኮሜዲ ልናሳይ ተነሣን። አዳራሽ የለም። ኮሚናሉ፣ የነዋሪው የጋራ ቤት፣ ጠባብ ነው፣ ግማሹን ደግሞ የአንድ ሰው ሲሚንቶ ይዞታል። የቀረን የእድሩ ድንኳን ነው። ሄድን፣ ዳኛውን አገኘናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ ናቸው። ባለማህተም ደብዳቤ ይዘን ነበር፣ «ለትብብርዎ በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና አጥፈው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ድንኳን ሲተከል ሰው የሚመጣው ለቅሶ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ልንሄድ ስንነሣ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «ግድ የለም፣ ይወያዩ» አሉ። ቁጭ አልን። ቡና መጣ። ውይይቱ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ በሦስት ነጥብ ላይ ተስማማን። አንደኛ፣ የተሰበረ ወንበር በአዲስ ይተካል። ሁለተኛ፣ ልጆች ስላሉ ብልግና ይወጣል፤ ጽሑፉን አንብበው በእስክሪብቶ ራሳቸው አሰመሩልን፣ ከደራሲያችን የሻለ ዓይን አላቸው። ሦስተኛውን ስሰማ ግን ሳቄ መጣ፤ ድራማው ከመጀመሩ በፊት የእድሩ ጸሐፊ መድረኩ ላይ ወጥተው የወር ክፍያ ያልከፈሉ አባላትን ስም ያነባሉ።

«ኪነ ጥበብ ነው እኮ!» አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት። አፌ «እሺ» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ድንኳኑ ከጠዋት ጀምሮ ቆመ። ወዲያው የፈራነው ሆነ። ከሩቅ ብሎክ አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ መጡ፤ «ማን ነው? የማን ቤት ነው?» እያሉ። ልጆቹ «ቲያትር ነው እትዬ!» ሲሏቸው ደረታቸውን ይዘው ቆሙ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ገልብጠው ለበሱና ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። «እንዲህ ካስደነገጣችሁኝ ታስቁኛላችሁ» አሉ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር።

ጸሐፊው ወጡ። መዝገቡን ገለጡ። አምላኬ! ድንኳኑ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ በየበረንዳው ሰው ተደግፏል፣ ልጆች መኪና ላይ ወጥተዋል። ሰው ስም ዝርዝሩን ሊሰማ ነው የመጣው! አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ሆ ይላል፣ የተጠራው ከኋላ «ነገ እከፍላለሁ!» ይላል፣ እንደገና ሆ። ዋናው ተዋናያችን ከመጋረጃው ጀርባ «ከዚህ በኋላ እኔ ምን ላስቅ ነው?» ብሎ በላብ ተጠምቋል። በኋላ ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ አደንቅለታለሁ። ሲወጣ ያልተከፈለ እድር እንዳለበት ሰው እየተደበቀ ወጣ። ጽሑፉ ውስጥ የለም። ድንኳኑ ፈረሰ ማለት ይቻላል።

ይሄው «ተቀበል» ማለት። እድሩ ስንኝ ወረወረልን፣ አጭር እግር ያለው ስንኝ። እኛ ልንንቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ስፖንሰር ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ሌላ ታሪክ አለኝ። አንድ ትልቅ ድርጅት፣ ስሙ ይቆይ፣ ለአንድ ዝግጅታችን ዋና ስፖንሰር ሆነ። 22 ገጽ ፕሮፖዛል ጽፈን ነበር። ገንዘቡ መጣ፣ እሱን አልክድም፤ የአዳራሽ ኪራይ ከፈልንበት። ባነሩ ግን ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ሥዕል ግማሽ ሸፈነ። የፊተኛው 40 ወንበር ላይ «ሪዘርቭድ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ስድስት ሰው መጣ። ተዋንያኑ ለ34 ባዶ ወንበር ተወኑ፤ ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ከኋላ ሆኖ ባዶውን ወንበር እያየ ነበር። በዓመቱ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ። አዲሱ ጋ ስንሄድ ጸሐፊዋ «እናንተ ደግሞ የምን ናችሁ?» አለችን።

ድርጅቱን ብዙም አልወቅስም፤ የራሴን ጥፋት አውቀዋለሁ። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ በራሷ ገንዘብ ትኬት ቆርጣ የምትመጣ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነበረች። ያወቅነው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። እሷን ቀድመን አግኝተን ቢሆን ኖሮ በወር 30 ትኬት ለሠራተኛ ማበረታቻ ልታስገዛልን ትችል ነበር፤ ባነር የለ፣ ሪዘርቭድ የለ። ያ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ቢቀየርም አይቆምም። እኛ የሄድነው ወደ ላይኛው ፎቅ ነው፤ የምታውቀን ሰው ግን ታች ነበረች።

እሷን እንዴት ልናገኝ እንችል ነበር? በደብተር።

በር ላይ የምናስቀምጠው ባለ 50 ቅጠል ደብተር አለ። ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ ስም፣ ሰፈር፣ ማን ነገረዎት? ስልክ መስጠት የፈለገ ይሰጣል። አንዲት ልጅ ትኬት ስትቆርጥ ሌላዋ ደብተሩን ይዛ ትቆማለች፤ ፈገግ የምትል መሆን አለባት፣ ፖሊስ ጣቢያ እንዳይመስል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ለይተን ስናነብ ፖስተር ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አስተማሪዬ፣ ቴሌግራም። ከዚያ ግን አንድ ስም ሲደጋገም አየን፤ የአንዲት ሴት ስም። ፀጉር ሠሪ ናት። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ካስክ ስር ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ድራማችንን እስከ መጨረሻው ትተርካለች። (እስከ መጨረሻው ባትተርክ ጥሩ ነበር፤ ግን ሰው አውቆም ይመጣል።)

ሄድን፣ አመሰገንናት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወሰድናት። ምን እናድርግልሽ አልናት። «ሰኞ አሳዩልን» አለች። «ፀጉር ቤት ሰኞ ይቀዘቅዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ለእኛ ሥራ ነው፣ አንድም ቀን ሙሉውን አይተን አናውቅም።» በሰኞ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ሰኞ ሞከርን። የመጡት በሙሉ የሥራ ልብሳቸውን ያወለቁ ፀጉር ሠሪዎች፣ ጥፍር ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። አዳራሹ እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም፤ የፀጉር ቅባት ሽታ። የዚያን ቀን ሳቁ የሚመጣው ሌላ ቀን ዝም በሚባልበት ቦታ ላይ ነበር፤ ተዋንያኑ ድራማውን እንደ አዲስ ነው ያወቁት።

አጋር ስትፈልጉ እንግዲህ ሰው ያመነውን፣ ሰው የተሰበሰበበትን ፈልጉ። ይህን የሚያውቁ አሉ። ፈካት ሰርከስ ልጆች ወደ አዳራሽ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ድረስ ሄዶ የታመሙ ልጆችን ያስቃል። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ውስጥ የኤልያስ ስሜንና የመስከረም አሰግድን ሥራ ለማየት ብሎ የሚገባ አለ፤ ለአትክልቱ፣ ለጭቃው ግድግዳ፣ ለቡናው የሚገባም አለ። ልጁን ሊያናፍስ የመጣ አባት ሳያስበው ሥዕል ፊት ይቆማል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንን ብታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ የሚሰበስበው ሰው ስንቱን ዘፋኝ እንዳኖረ ታውቃላችሁ። ሰው የሚሄደው ኳስ ሊያይ ነው፤ ኳሱንም ስንቱ እንደሚያይ እንጃ። በኳስ ሰበብ ዘመድ ይገናኛል፣ ማታ ኮንሰርቱ ይሞላል።

የሬዲዮ ድራማ ሰዎችም አሉ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የተሠራ ነው፤ የጤና ጉዳይ ያገባቸው ሰዎችና ደራስያን አብረው ሠሩት። ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ከአድማጭ መጣ። ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዶ፣ ለተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ምክር የሚጽፍ ሰው! ዛሬ አንድ ላይክ ስናገኝ የምንፈነጥዘውን ሳስብ በዚያ ዘመን እቀናለሁ። አድማጩ «ተቀበል» እያለ ነበር፣ አድራሻም ተሰጥቶታል። እናንተ ለታዳሚያችሁ የምትሰጡት አድራሻ የት ነው? በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አስተያየት መስጫው ተዘግቶ ያየሁት ቡድን እዚህ ውስጥ አለ። ዓይኔን አላነሣም።

ቀኑን ስለማጽናት አንድ ነገር ብቻ። የራስ ሆቴሉ ግጥም በጃዝ ሰው ያፈራው በወር አንድ ረቡዕ ስለጸና ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ፕሮግራሙን ሳያይ ያውቀው ነበር፤ ረቡዕ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። እኛ «በቅርብ ቀን» እንላለን። ቅርቡ ቀን ማን እንደሆነ እኛም አናውቅም።

ከውጭ ባህል ተቋማት ጋር ስለ መሥራት ቅድም የጠየቀኝ ወጣት አለ። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎይተ ኢንስቲትዩት ለስንት ዓመት ጣሪያ ሆነውን፣ መብራትና ፒያኖ ሰጥተውን እንደኖሩ የማይናገር ሰው ውለታ ቢስ ነው። እኔ የምፈራው የራሳችንን ጠባይ ነው። ጥሪ ሲወጣ ጥሪውን እናነብና ሐሳባችንን እንደ ጥሪው እንሰፋለን። ዘንድሮ የአየር ንብረት፣ ከርሞ ስደት። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታዳሚውም አብሮ ያልቃል፤ በራችን ላይ ደብተር ስላልነበረ። ገንዘብ ሰጪ ስትፈልጉ ሥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብተራችሁንም አብራችሁ። «በዚህ ዓመት እነዚህ ሰዎች፣ ከእነዚህ ሰፈሮች፣ በእነዚህ ሰዎች ጥቆማ መጡ» ብላችሁ ስትዘረጉት ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን ታያላችሁ። ሰውየው ስልኩን ያስቀምጣል።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ። አጋር የሚሆን ሰው ሲገኝ ሁለተኛው ጥያቄው «ደረሰኝ አላችሁ?» ነው። ብዙዎቻችን ምንም ሆነን አልተመዘገብንም፤ በጓደኝነት ነው የምንሠራው። የድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ1113/2011 ተተክቷል፤ አዲሱ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ይህን ዓይታችሁ፣ የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ማኅበርም ሁኑ ንግድ አንዱን ሁኑ። ቲን ቁጥር የሌለው ቡድን ስንት ጥሩ ወዳጅ እንዳሸሸ በራሴ ደርሶ አይቻለሁ።

ወደ መቶ አለቃው ልመለስና ልጨርስ። ያን ቅዳሜ ወንበር ሦስት ተሰበረ፤ ከፈልን። እትዬ እስኪያነቡ ስቀው ሄዱ። ጸሐፊው ማምሻውን መዝገቡን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በአንድ ከሰዓት የሰበሰቡት ውዝፍ እኛ በትኬት ካገኘነው ይበልጥ ነበር፤ ሊደብቁንም አልሞከሩም። ከወራት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል፣ ስልኬ ጮኸ። መቶ አለቃው ናቸው። «ለዳግም ትንሣኤ ድንኳኑ ባዶ ነው» አሉኝ፤ «ደግሞ ያንን ልጅ ይዛችሁ ኑ፣ ውዝፍ ያለበትን።»

ደብተሩ እዚህ ፊት ለፊት ካለችው እህት ጀምሮ ይዙር። ስም፣ ሰፈር፣ እና ስለዚህ ንግግር ማን እንደነገራችሁ። እስክሪብቶ ያለው ለጎረቤቱ ያውስ፤ ጥያቄውን ደብተሩ ከኋላ እስኪደርስ እናደርሳለን።